ቢጫው መስመር

መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው።

እኩለ ቀን ነበር። በጀርባዋ ተኝታ አንድ አሮጌ ታክሲ ሆድ ስር ገብታለች። ከዚያ የሚታያት የሰው እግር ብቻ ስለሆነ ደንበኛን በጫማው መለየት ለምዳለች። አሁን የመጣው ሰው ጫማ ግን ግራ አጋባት። የቀኙ ጣቱ ጋ ተጨማዷል፤ የግራው ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው፣ አንዲት እጥፋት የለበትም።

«ቢጫዋ አለች?» አለ ባለጫማው።

ክው አለች። ብድግ እላለሁ ስትል ግንባሯ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

«ኧረ ቀስ! የሰው መኪና ነው፣ እንዳትሰብሪው» ብሎ ሳቀ።

አሥራ አራት ወር ሙሉ ያልሰማችው ሳቅ ነው። ጋራዡ ውስጥ «ቀዥቃዣው» ይሉታል፤ እንኳን መኪና ይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም የማይረጋ የውድድር ሹፌር። ከመኪናው ስር ወጥታ ስትቆም ቁልፉ ከእጇ አመለጠ። ማንሳቱም ትዝ አላላትም።

«ከስድስት ሳምንት በኋላ እወዳደራለሁ» አላት። «በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በእጅ እንዲሠራ ታደርጊልኛለሽ። አዲሱን የውድድር መኪናዬን ካንቺ ሌላ ሰው አይነካውም።»

እምቢ ማለት ነበረባት። አፏ ግን «እሺ» አለ። ወይ አፍ!

ለምን እምቢ ማለት እንደነበረባት ልንገራችሁ። ጋራዡ የአጎቷ ነው፤ አጎቷ ደግሞ የማይሻር ሕግ አላቸው። አንድ ዳዶ በቁልፍ ጠብቆ ካለቀ በኋላ፣ ከብሎኑ እስከ ዳዶው በቀጭን ብሩሽ አንድ መስመር ይሰመርበታል። እያንዳንዱ መካኒክ የራሱ ቀለም አለው፤ የአጎቷ ቀይ፣ የእሷ ቢጫ። ቅጽል ስሟም ከዚያው ወጣ። ቀለም የተቀባ ዳዶ ከባለቀለሙ በቀር ማንም አይነካውም። የነካ ይናገራል፤ ነክቶ ዝም ያለ ከጋራዡ ይወጣል። ቀልድ የለም።

ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ ቀዥቃዣው በሩ ላይ ተደግፎ «ነገ ካሸነፍኩ አጎትሽን አናግራቸዋለሁ» ብሏት ነበር።

«ስለ ምን?» አለች፣ እያወቀች።

«ስለ ቢጫ ቀለም።»

እሷ መሬት መሬቱን አየች፤ እሱ እሷን አየ። እዚያ ድረስ ደርሰው ነበር እኮ! ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ተጣሉ። እሱ መሪው ከበደኝ አለ፤ እሷ «ሥራዬን ካላመንክ ሌላ ፈልግ!» ብላው ኮርፋ ሄደች።

በማግሥቱ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ መሪውን ከግራው ጎማ ጋር የሚያያዘው ዘንግ ተለያየ። መኪናው ግንቡን መታ። የግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ያንን ዘንግ ያሰረችው እሷ ናት። አጥብቄዋለሁ? ወይስ ንዴቱ ይዞኝ ሳላጠብቅ ቀለሙን ቀባሁት? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት። ሦስት ጊዜ ብርቱካን ገዝታ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ብርቱካኑን ለዘበኛው ሰጥታ ተመለሰች። በሦስተኛው ዘበኛው «የኔ ልጅ፣ በሽተኛሽ እኔ ነኝ እንዴ?» አላት። የሚገርመው፣ የተጨረማመተው መኪና ከጋራዡ ጀርባ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። እሷ ፈራች፤ አጎቷም የእሷን ፊት አይተው ፈሩ። መኪናው እንደተሸፈነ ከረመ።

አሁን እሱ በየቀኑ ይመጣል። ከመሪው አጠገብ የምትጎተተዋን የእጅ ፍሪሲዮን አብረው ይሞክራሉ፤ ይፈታሉ፤ መልሰው ይገጥማሉ። አንዳንዴ «ስለዚያ ቀን አናወራም?» ይላታል። «ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች። የሆዷን በሆዷ ይዛ ዳዶ ታጠብቃለች፣ ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች፣ አራተኛ ትመለሳለች።

በአራተኛው ሳምንት እናቱ መጡ። ወንበር ብትሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ከሞት አፍ ተመልሶልኛል። ሁለተኛ አልችልም። ሌላ ሰው የሠራው መኪና ላይ አልወጣም ብሏል፤ አንቺ እምቢ ካልሽው ይተዋል። አደራሽን።»

እሳቸው ሲሄዱ ቁልፏን ጥላ ወደ መኪናው ሄደች። ለካ በዓለም ላይ የሚያምነው እሷን ብቻ ነው! እግሩን ያሳጣችውን!

እሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የእጅ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ይጎትታል። በሩን ከፈተችው።

«ውረድ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እግርህን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር፤ ዘንጉን ሳላጠብቅ ቀለም ቀባሁት። ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር፣ አልቻልኩም። ሌላ መካኒክ ፈልግ። ወይ ደግሞ ስለ እናትህ ብለህ ተወው።»

ስድብ ጠበቀች። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሥራ አራት ወር እንዲህ እያሰብሽ ነው የኖርሽው?»

«እና ምን ላስብ?»

«በስማም! ለዚህ ነው ሆስፒታል ያልመጣሽው?»

መልስ አልጠበቀም። እጇን ይዞ እያነከሰ ወደ ጋራዡ ጀርባ ወሰዳትና ሸራውን በአንድ እጁ ገፈፈው። አቧራው ቡን አለ።

«እይው።»

«አልችልም።»

«እይው እንጂ! እኔ ቆሜ የለም?»

ተንበርክካ የዘንጉን ጫፍ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ቢጫዋ አለች። መስመሯ ግን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ ዳዶው ላይ ወደ ሌላ ጎን ዞሯል። የዳዶው ማዕዘን ላይ ደግሞ ቀለሙ በቁልፍ ጥርስ ተልጧል። ቀለም የሚቀባው ከቁልፍ በኋላ ነው። ከእሷ ቀለም በኋላ ቁልፍ ያስገባ ሰው አለ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ።»

ቀና ብላ አየችው።

«በውድድሩ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ። መሪው ከብዶኝ ነበር፤ ፈታሁት፣ ዘንጉን ትንሽ አዞርኩት። ዳዶውን በእጄ መልሼ በቁልፍ ላጠብቀው ስል ሹፌሮቹን ለስብሰባ ጠሩን። ከዚያ ረሳሁት። ያስታወስኩት መታጠፊያው ላይ ነው።»

«እና ዝም አልክ?»

«የምታውቂ መስሎኝ! መኪናው እዚህ፣ አንቺ እዚህ፤ በቀለምሽ ደግሞ ቀልድ አታውቂም። አይታው ነው፣ ተጠይፋኝ ነው የቀረችው አልኩ። ያን ዕለት እሺ ስትዪኝ ይቅር አለችኝ ብዬ በደስታ ሳልተኛ አደርኩ።»

መዳፏ ጉንጩ ላይ መቼ እንዳረፈ አላወቀችም። ጮኸ ጥፊው። ሁለቱም ደነገጡ። ቀጥሎ ደረቱ ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ለእግሩም፣ ለብርቱካኑም፣ በከንቱ ለባከነው ወርም።

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሁለት ሰው አንዱ ያንዱን ፊት ሸሽቶ፣ እውነቱ ሸራ ስር ተኝቶ!

ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን እሱ ራሱ መካኒኮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ቆሞ ለአጎቷ ተናገረ። አጎቷ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። እሳቸውም ሸራውን ሊገልጡት ይችሉ ነበር።

«ሕጉ ሕግ ነው፤ ትባረራለህ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሠራተኛዬ አይደለህም፣ ደንበኛ ነህ። ደንበኛ እንዴት እንደሚባረር አላውቅበትም።»

እሷ ሳቋ አመለጣት። የዚያን ቀን ከሰዓት እናቱ ቤት ሄደች።

«እትዬ፣ አልሠራም ብዬ ላስቀረው እችላለሁ። ግን ከዚያ ወዲያ በቁሙ ይሞትብዎታል። ልሥራለት። አሁን እጄን አውቀዋለሁ።»

እናቱ እጇን አገላብጠው አዩት። ጥፍሯ ሥር ቢጫ ቀለም ቀርቷል።

«እንግዲያው ስታጠብቂ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አያለሁ» አሉ።

አዩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋራዡ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዲት ዳዶ እንኳ አላመለጠቻቸውም።

የውድድሩ ጠዋት ደረሰ። ሌሎቹ መኪኖች ሞተር አስነስተዋል። እሷ ቢጫዎቿን አንድ በአንድ ፈትሻ ስትጨርስ ቀዥቃዣው መኪናው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠራት።

«አንድ የቀረች አለች።»

«የት?»

የግራ ሱሪውን ሰበሰበ። ሰው ሠራሽ እግሩን እንዲህ በቀን ብርሃን አሳይቷት አያውቅም። ቁርጭምጭሚቱ ጋ፣ መርገጫውን ከብረቱ ጋር የምታያይዝ አንዲት ብሎን አለች።

«ላላ ብላለች» አለ፣ ወደ ሌላ እያየ። «ሐኪም ቤት ያሉት ሰዎች ያጠብቁልኛል። ዛሬ ግን አንቺ ብታጠብቂያት ደስ ይለኛል።»

ተንበርክካ በትንሿ ቁልፍ አጠበቀቻት። ብሩሹን አወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሳ አልፈተሸችም። ከብሎኗ እስከ ብረቱ ቀጭን ቢጫ መስመር አሰመረች።

«ሕጉን ታውቃለህ?»

«ከባለቀለሙ በቀር ማንም አይነካትም።»

«ዕድሜ ልክ ነው።»

«አጭር እንዳይሆን ብቻ» አለና የራስ ቁሩን አጠለቀ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እሷና እናቱ አጥሩ ሥር ተቃቅፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት መኪናው አልፎ ሄዷል። እናቱ «አለፈ! አለፈ!» እያሉ ጮኹ፤ ያላወቀ ሰው አንደኛ የወጣ ነው የሚመስለው።

ከአሥራ አንድ መኪና ስምንተኛ ወጣ። ከመኪናው ሲወርድ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙበት። እሷ እንደ ወትሮዋ ልትፈትሽ ጎንበስ አለች፤ ግን ወደ ጎማው አልሄደችም። የግራ ሱሪውን ከፍ አደረገች። መስመሯ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰበረችም።

«አልነካኋትም» አላት ከላይ።

እንባዋ እጥፋት የሌለበት የግራ ጫማው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ መሬት ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ አጎቷ እየሮጡ ሲደርሱ። «ምን ወደቀብሽ?»

«ምንም አልወደቀብኝም» አለች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አጎቴ፣ እሱ የሚያናግርዎት ነገር አለው።»