በዓሦቹ አፍ ላይ የበቀለው ጥጥ

ይህን አንብባችሁ "ፈጠራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። በሉ፤ አልቀየማችሁም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ።

እሁድ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት። ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታዋለች።

ሥራዬ አኳሪየም ማጽዳትና የታመሙ ዓሦችን ማከም ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እቴቴ እያልኩ የምጠራት፣ ስኳር አለባት። ተረከዟ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፦ ሆስፒታል ካልተኛች እግሯ ብቻ ሳይሆን ነፍሷም አትተርፍም። እሷ ግን እንቢ አለች።

"መጀመሪያ ዓሦቼን አድንልኝ... ከዚያ እሄዳለሁ።"

ግትርነቷን አውቀዋለሁ። ዕቃዬን ይዤ ሄድኩላት።

ገና ስገባ አፍንጫዬን ያለኝ የዓሣ ሽታ አልነበረም...

ጣፈጥ ያለ ነው። የከረመ ሥጋ ዓይነት።

አኳሪየሙ ሶፋው ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰባቱም ዓሦች ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከንፈራቸው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በቅሏል። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ግን ክንፍም ላይ፣ ጅራትም ላይ ይወጣል።

የእነዚህ አፋቸው ላይ ብቻ ነበር። የሰባቱም።

"እቴቴ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?"

"የሚበሉትንስ አያጡም..." አለችና ቀሚሷን እግሯ ላይ ሳብ አደረገች።

እዚያ ላይ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ቸኳዩ!

በእኛ ሥራ ውሃ ሲቀየር የጎማ ቱቦው አንዱ ጫፍ ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው አፍ ውስጥ። ሳብ ሲያደርጉት ውሃው ይከተላል። አንዳንዴ ታዲያ ሳይተፉት ያመልጣል።

አመለጠኝ። ዋጥኩት።

ወፈር ያለ ነበር... ምላሴ ላይ አንድ ለስላሳ ቁራጭ ቀረ። በጣቴ አወጣሁት።

የሰው ቆዳ ነው።

"እቴቴ... ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዳትቆጣኝ..." አለች በሹክሹክታ። "ቁስሉን ይጠርጉልኛል። እግሬን ስነክረው ይሰበሰባሉ... ደስ ይላል።"

ምንጣፏ ላይ አስመለስኩ። እንደ እናት ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ በዚያች ደቂቃ ግን ተጸየፍኳት። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ዓሦቹን በመረብ አውጥቼ የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኳቸው። የአየር መንፊያውን ከሶኬቱ ነቀልኩ። ጎማው የገንዳውን ውሃ ዝቅ ወዳለው በረንዳ ያፈሳል።

ውሃው በጎደለ ቁጥር የእቴቴ ትንፋሽ እያጠረ መጣ...

"አቁመው..."

"ምኑን?"

"ውሃውን... አየር አጣሁ..."

ከንፈሯ ጠቁሯል። ጎማውን መዝዤ ጣልኩና ጎረቤቷን ታክሲ ነጂ ልጠራ በረርኩ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ስንመለስ እቴቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ፋሻዋ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። እግሯ በተረፈው ውሃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብቷል።

ታክሲ ነጂው ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። መዳፉን አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ወንድሜ... ትንፋሽ የላቸውም።"

ገንዳው አጠገብ ተዘረፈጥኩ። ዓይኔ ከመስታወቱ ትይዩ ሆነ። ውስጡ አንድም ዓሣ የለም።

ተረከዟ ላይ ያለው ቁስል ቀስ ብሎ ተከፈተ... ተዘጋ... ተከፈተ።

በተከፈተ ቁጥር አንዲት አረፋ ትወጣ ነበር።