እርጥብ ጄሶ

ሃምሳ አለቃው ሱሪው ላይ ያለውን ነጭ ነገር ያስተዋለው የተጠረጠረችውን ልጅ መኪና ውስጥ አስገብቶ በሩን ከዘጋባት በኋላ ነበር። ጠዋት በሙዚየሙ የሥራ ክፍል ከሬሳው አጠገብ ሲንበረከክ መዳፉን ሟቹን በገደለው ድንጋይ ላይ አሳርፎ፣ ሳያስበው ሱሪው ላይ ጠርጎታል። አሁን ሊያራግፈው ቢሞክር አልራገፍ አለ፤ ደርቆ ተጣብቋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ግን ሁሉም ደረቅ አቧራ ነበር። «ታዲያ ይኼ እርጥብ የነበረው ለምንድነው?» አለና ሳይውል ሳያድር ለመርማሪው ደወለ።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወስፌ» ይሉታል። ሰውየው ቀጭን ነው፤ የሚጠይቀውም ቀጫጭን ነገር ነው፤ አንዴ ከገባ ግን ወዲያ ማዶ ሳይወጣ አይመለስም። ሙዚየሙ ሲደርስ ከምድር ቤቱ መተላለፊያ ላይ አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘ። ጭኗ ላይ የያዘችው ፌስታል ውስጥ ሹራብ፣ ሳሙናና ማበጠሪያ ይታያል።

«እናቴ፣ ይኼ ለማን ነው?»

«ለልጄ ነዋ። እስር ቤት ሌሊቱ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ገና ተጠርጣሪ ናት እኮ።»

«ተጠርጣሪ!» አለች እናትየው፤ ቃሉን ከፍርድ አልለየችውም። «የእኔ ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል? ጌታዬ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሃያ ዓመት ብለው ቢፈርዱባት እኔ በሕይወት አልደርስባትም።»

መርማሪው ልጅቷን ከመኪናው እንዲያወርዷት አዝዞ ወደ ውስጥ ገባ።

ሟቹ የሙዚየሙ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። የጥንት ዓሦችን ሲመድቡ አርጅተዋል። አሁን ነጭ ጨርቅ ለብሰው ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ጭንቅላታቸውን የመታው ድንጋይ አጠገባቸው ነው፤ እሱን ለማገላበጥ በሰንሰለት ማንሻ አንጠልጥለውት ነበር። ድንጋዩ ላይ ሰው የሚያህል ዓሣ ተጋድሟል፤ አጥንቱ ወደ ድንጋይነት ከተለወጠ ዘመናት ተቆጥረዋል። ከአፉ ፊት ለፊት እንደ ጩቤ ይወጡ የነበሩት ጥርሶቹ ተሰባብረዋል። ከመንጋጋው ጀርባ ግን መዳፍ የምታህል ነጭ ጄሶ ተለጥፋለች። መርማሪው በጣቱ ነካት። እርጥበቷ አልጠፋም፤ አሁንም ትቀዘቅዛለች።

ልጅቷ የሙዚየሙ አጥንት ጠራጊ ናት። ድንጋዩን ከአጥንቱ ላይ በመርፌና በብሩሽ እያነሳች ዓሣውን ያወጣችው እሷ ናት። ሬሳውንም ጠዋት ያገኘችው እሷው ናት።

«ድንጋዩን በሰንሰለት ብቻ አንጠልጥለሽ ሄድሽ ይላሉ» አላት መርማሪው።

«በፍጹም! ከሥሩ የእንጨት መደገፊያ ታኮ አስገብቻለሁ። በእግሬ መትቼ አጥብቄ ነው የወጣሁት።»

«ታኮዎቹ ግን ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነው የተገኙት። እግር አወጡ?»

«እኔ ምን ልበል?» አለች።

«ይቺን ጄሶስ ለምን አደረግሽ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና ግራ ገባት። «ይቺ የኔ አይደለችም። ትናንት ስወጣ አልነበረችም። ጄሶ የምናደርገው ሊሰበር ይችላል ብለን የምንፈራው አጥንት ላይ ነው። እኔ ባደርግማ ጥርሱ ላይ ነበር የማደርገው። አንዱን ጥርስ ለመጥረግ ክረምቱን ሙሉ ጨርሼበታለሁ።» ስብርባሪውን ስታይ እንባዋ መጣ።

«ዛሬ ምን ልትሠሩ ነበር?»

«ልንቆርጥ። እሳቸው የጥርሱ ሥር ላንቃው ላይ እንዴት እንደተተከለ ማየት ፈልገው፣ እዚህ ከመንጋጋው ጀርባ በመቁረጫ እንግባ ብለው ነበር። ምክትላቸው አይሆንም ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም።»

የሥራ ክፍሉ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ያለው ልጅቷ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊውና የሟቹ ምክትል ዘንድ ብቻ ነው። ኃላፊው ቦርጫቸውን እያሻሹ ገቡ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማን ያልተጣላቸው አለ? ዓሣውን አዳራሽ ላይ ልስቀለው አልኳቸው፤ ገና ነው አሉኝ። ሕዝቡ እኮ ዓሣ ሊያይ አይመጣም፤ ጥርስ ሊያይ ነው የሚመጣው። አሁን ይኼን ድዱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ ማን ትኬት ቆርጦ ያየዋል?»

«እሳት ቢነሳና ከዚህ ዓሣ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ አድኑ ቢባሉ፣ የቱን ያድናሉ?»

«ጥርሱን ነዋ! ምን ጥያቄ ነው?»

በመጨረሻ ምክትሉ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አየ፤ ሬሳውንም ሳይቀር። ድንጋዩን ግን አላየም።

«ስለዚህ ዓሣ ያስረዱኝ፤ ማይም ነኝ» አለው መርማሪው።

«ኤንኮደስ የሚባል ወገን ነው። ዳይኖሰሮች ምድር ላይ በነበሩበት ዘመን ባሕር ውስጥ የሚያድን ነበር። ዛሬ ከዘሩ አንድም የለም። ያጣላን ዘመዱ ማን ነው የሚለው ነው። እሳቸው ሳልመን ከሚባለው የዓሣ ዘር ጋር መደቡት። እኔ የእንሽላሊት ራስ የሚመስል ራስ ካላቸው የባሕር ዓሦች ጋር ነው የምመድበው።»

«እንዲህ ያለ ጥርስ እያለው ዘመዱ ይጠፋል?»

ምክትሉ ፈገግ አለ። «ጥርስ ማንም ያበቅላል። ጥርስ ስለ ዘመድ አይመሰክርም።»

«የሚመሰክረው ታዲያ ምንድነው?»

ፈገግታው ጠፋ። «ብዙ... ብዙ ነገር ነው።»

መርማሪው የእሳቱን ጥያቄ ጠየቀው።

«ጥርሱን» አለ ምክትሉ፣ ሳያመነታ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ድንጋዩ ዙሪያ ቆሙ። እናትየውም በሩ ሥር ተጠግታ ቆመች። ማንም ውጪ አላላትም። ወስፌ ከጠረጴዛው ላይ መዶሻ አነሳ።

«ይኼ አደጋ አይደለም» አለ። «አንድ ሰው ድንጋዩ እንደሚወድቅ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ስላወቀም እንዲተርፍለት የፈለገውን በጄሶ ሸፈነ። ጄሶው ጠዋት እርጥብ ስለነበር የተለጠፈው ትናንት ከሥራ በኋላ ነው። ሰውን ሊገድል የመጣ ሰው ለዓሣ አዘነ።»

«እሷ ናት ጄሶ የምትችለው!» አሉ ኃላፊው ወደ ልጅቷ እየጠቆሙ። እናትየው ግድግዳውን ያዘች።

«ትችላለች። ግን ምኑን ትሸፍን ነበር? ጥርሱን። እርስዎም ጥርሱን። ጥርሱ ግን ዱቄት ሆነ። የተሸፈነው ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ዓሣው ይተነፍስበት የነበረው የስንጥብ አጥንት ነው። ዛሬ ጠዋት ሊቆረጥ የነበረውም ያው ቦታ ነው። እንግዲህ ምን እንደሆነ ከፍተን እንየው።»

መዶሻውን ሙሉ ክንዱን ዘርግቶ አነሳው።

«አይሆንም!» ምክትሉ ዘሎ ሁለት እጁን ጄሶው ላይ አደረገ። «እጄን ምታ! እሷን እንዳትነካ!»

ወስፌ መዶሻውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ጥርስ አይመሰክርም ካሉኝ በኋላ ጥርሱን አድናለሁ አሉኝ» አለው። «ያኔ ነው የጠረጠርኩዎት። ይቺ አጥንት ምንድናት?»

ምክትሉ እጁን ሳያነሳ ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። «ከጎኗ ረጅም ዘንግ አላት። የእኔዎቹ ዓሦች ሁሉ አላቸው፤ ሳልመን የለውም። ዕድሜዬን በሙሉ ሲስቁብኝ ኖረው እሷ ተገኘች! ባለፈው ሳምንት አሳየኋቸው። ከዚያ ‹የሌለ አጥንት አይመሰክርም፤ ቆርጠን እንለፍ› አሉኝ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ጄሶውን ለጥፌ ታኮዎቹን አነሳሁ። ‹ከሥር አንድ ነገር አለ፣ ይምጡ ይዩ› ብዬ ጠራኋቸው። ጎንበስ ሲሉ ሰንሰለቱን ለቀቅሁት።»

«ልጄስ?» አለች እናትየው ከበሩ ሥር። ድምጿ ተሰበረ። «የእኔ ልጅ በምን ጥፋቷ ነው በአንተ ፋንታ የምትበሰብሰው? ለሞተ ዓሣ ዘመድ ስትፈልግ፣ የእኔን ዘመድ ልታሳጣኝ!»

ሃምሳ አለቃው ሲያስነሳው ምክትሉ ወደ ልጅቷ ዞሮ «እባክሽ፣ ጄሶውን ስታነሺ ቀስ ብለሽ» አላት። እሷም ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች።

እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው በእግር ሄዱ። እናትየው መኪና ከኋላቸው በመጣ ቁጥር ሊመልሷት የመጡ እየመሰላት የልጇን ክንድ አጥብቃ ትይዛለች። ቤት ሲገቡ ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ሰውየው ልክ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ስለ ዓሣው። ልክ ነበር።»

«ልክ ይሁን» አለች እናትየው። «ነገ ደግሞ ይጠሩሻል። ምስክር ነሽ ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ያመጣሉ። እኔ አላውቃቸውም?»

«ነገ ነዋ እሱ።»

እናትየው ከበሩ አንገቷን አውጥታ መተላለፊያውን ወዲያና ወዲህ አየች። ማንም የለም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ቁልፉን አዞረችው፤ አላመነችም፤ እጀታውን ይዛ ሳበችው። ተቆልፏል፤ ልጇም አብራት ከውስጥ ናት።