ያልተቀደደው መጽሐፍ

የቅመም ነጋዴው ነስረዲን፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ ካለው ሱቁ ጓዳ፣ ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ አሮጌ የጠላቂዎች መጽሐፍ፣ ትንፋሽ መያዝን ለብቻ ስለመለማመድ በሚያስተምረው ገጽ ላይ ተገልጦ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ሠርኬ ስትደርስ መጽሐፍ አዟሪው ይገረም ካቴና ገብቶለታል። የሟች ወንድም ሙናዊር «በመጽሐፉ ገደለው!» ብሎ አስይዞታል።

«እትዬ ሰልሳቢል፣ ባለቤትዎ በርሜል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«የባሕር ውስጥ አርኪዮሎጂ ይማር ነበር» አለች ሚስቱ። «የሰመጠ መርከብ ጠልቀው የሚመረምሩበትን። ሰፈሩ ‹ዓሣው› ነው የሚለው። በርሜሉ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ይለማመድ ነበር።»

«ከምን ይማራል?»

«ከስልኩ። የዘንድሮ ኮርስ፣ የዘንድሮ ጥናት። የሺህ ዓመት መርከብ ለማወቅ የዘንድሮ ትምህርት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይል ነበር።»

ሠርኬ በርሜሉን አየች። ቃሉን ጠብቋል።

«እኔ አሮጌ ባመጣሁለት ቁጥር» አለ ይገረም፣ «እፊቴ ገነጣጥሎ ለእርድ መጠቅለያ ያደርገዋል። አንጀቴ እያረረ አያለሁ! ያንን እኔ አልሰጠሁትም። ክምሬ አስፋልት ዳር ነው፤ ማንም ያነሣል።»

«እውነቱን ነው። የምጠቀልልበት እኔ ነኝ» አለች ሰልሳቢል።

ሙናዊር መሐረብ በአፍንጫው ይዞ ደጅ ቆሟል። ዱባይ ተራ ስልክ ይሸጣል።

«አይገቡም፣ ጋሼ?»

«ቅመም ያስነጥሰኛል። እዚህ ሱቅ ቁሜም አላውቅ።»

ሠርኬ ሦስቱንም ጓዳ አስገባቻቸው።

«ነስረዲን አሮጌ መጽሐፍ ሳይቀድ አያሳድርም። ይሄ አንድ ቅጠል አልጎደለውም። የሟች ጣት በእርድ ቢጫ ነው፤ ስልኩ እንኳ ቢጫ ሆኗል። መጽሐፉ ግን ንጹሕ ነው። ያስቀመጠው ገዳዩ ነው፤ አደጋ ለማስመሰል። ሚስቱ ብትሆን ሙሉ መጽሐፍ አታስቀምጥም፤ ይገረምም አያስቀምጥም፤ ሁለቱም መቅደዱን ያውቃሉ።»

ሙናዊር ሳቀ። «ይህንን መርካቶ ሙሉ ሰው አያውቅም፣ እኔ ብቻ ነኝ?»

«ስልኩ ላይ ያለው ትምህርት ‹ብቻህን አትለማመድ፤ የምታምነው ሰው ይቁምልህ› ይላል። ነስረዲን የዘንድሮውን ትምህርት አይጥስም። አንድ የሚያምነውን ሰው በዚህ የጓሮ በር አስገብቶ ራሱን ውኃ ውስጥ ነከረ፤ ያ ሰው ደፈቀው። መርካቶ ሙሉን አያምንም፤ ወንድሙን ግን ያምናል። ጋሼ፣ ጓዳው ገብተን ይኸው አንዴም አላስነጠሰዎትም።»

ሙናዊር መሐረቡን ጣለ። «የአባታችንን ሱቅ ለሰመጠ እንጨት ሊሸጠው! ባሕር ማዶ ሄዶ ሊማር! እንዴት ብዬ ዝም ልበል?»

ካቴናው ከይገረም እጅ ወልቆ ሙናዊር እጅ ገባ።

«ትምህርቱ ‹በምልክት ተስማሙ› ይላል» አለች ሠርኬ። «የእናንተ ምን ነበር?»

«ሲበቃው በርሜሉን ሊያንኳኳ።»

«አንኳኳ?»

«አንኳኳ።»

ሰልሳቢል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሱቁ ፊት ሆኜ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ጎረቤት ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት መስለውኝ ‹ኧረ በቃችሁ፣ አደነቆራችሁን!› ብዬ ጮኽኩ። ወዲያው ዝም አሉ።»