ንፋስ የፈራው ግድግዳ

የጥምቀት ማግሥት ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቱ። ደምመላሽ ዓለምነሽን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አባቷ አቶ ወንድይፍራው ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ልጄን ለንፋስ ቸርቻሪ አልድርም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። የላካቸው እሱ፣ የሳቁት በእሱ! ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ እንኳ አይረሳውም።

ዛሬ ወደዚያው ቤት የሄደው በሥራው ታዞ ነው እንጂ ወዶ አይደለም።

ከጉና ተራራ አናት ላይ በተሠራችው ከተማ ቤት ሁሉ እንደ ጠርሙስ የታሸገ ነው፤ ውጭው ውርጭ ነዋ። ማሞቂያው ምድጃ ግን እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ አየር ካጣ መርዝ ይተፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት «ሳንባ ግድግዳ» አለው፤ ከወለሉ አጠገብና ከጣሪያው ሥር በሚከፈቱ ቀዳዳዎች የሚተነፍስ፣ የቤተሰቡን ጠባይ በጆሮው እየተማረ የሚያድግ፣ ሲጠይቁት የሚመልስ ግድግዳ። ያኔም ሆነ ዛሬ ደምመላሽ የሚጠግነው ይህንኑ ነው።

ገና ሲገባ የምድጃውን ነበልባል አየ። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ መስታወቱ ጠቁሯል።

«በሩን ዝጋ እንጂ! አራስ አለች፣ ንፋስ ይመታታል!» አሉ አቶ ወንድይፍራው። እሱ መሆኑን አላወቁም። «ራሷን አሟታል፤ ብርድ ነው። እሳቱን ብንጨምርላትም አልተሻላት።»

«ጨመራችሁበት?» በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ምን ነካህ ሰውዬ፣ ልትገድልብኝ ነው?»

«የሚገድላትስ መዘጋቱ ነው። ምድጃውን ያጥፉ፣ አባቴ።»

ዓለምነሽ ለአራስነቷ ወደ አባቷ ቤት መጥታ፣ አልጋው ላይ ደንዝዛ ተጋድማለች። ሕፃኑ በክንዷ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። ሁለቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ በሩ አስጠጋቸው። ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

ታችኛው ቀዳዳ ውስጥ እጁን ከቶ ጨርቅ ፈለገ። በዚህች ከተማ ንፋስ ፈርቶ ቀዳዳ ያልደፈነ ቤት የለም፤ ጋቢ ጎትቶ ያወጣበት ጊዜ አለ። እዚህ ግን ምንም የለም። ጥላሸት ይሆናል ብሎ ቦረሸው። አልተከፈተም።

«ማንም አልደፈነውም» አለች ዓለምነሽ ከበሩ አጠገብ። «ልጁ ባነጠሰ ቁጥር አባዬ ‹ንፋስ ገባ!› እያለ ይጮሃል። ግድግዳው ራሱ ሰምቶ ነው የዘጋው።»

ደምመላሽ ግድግዳውን ጠየቀው። «ለምን ዘጋህ?»

«ንፋስ ልጁን እንዳይመታው» አለ ግድግዳው በለስላሳ ድምፅ። «ስለምወዳቸው።»

ሕፃኑ ከበሩ ብርድ ላይ ብዙ ሊቆይ አይችልም፤ በሩ ተዘግቶ ምድጃው ቢለኮስ ደግሞ መርዙ ይመለሳል። ደምመላሽ «ስለ ንፋስ የሰማኸውን ሁሉ ጣል» ብሎ አዘዘው። ግድግዳው እንደ ሕጉ የሰማውን በየተናጋሪው ድምፅ እያሰማ ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር።

«‹መስኮቱን ዝጉ፣ ንፋስ ገባ!› ይጣል?»

«ይጣል።»

«‹ንፋስ ነው የያዘኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ።› ይጣል?»

«ይጣል።»

ከዚያ ጎልማሳና ጉልበተኛ ድምፅ ወጣ። «‹ልጄን ለንፋስ ቸርቻሪ አልድርም።›» የሽማግሌዎቹ ሳቅም ተከተለው። ሕፃኑ ላይ ያጎነበሱት አቶ ወንድይፍራው ቀና እንኳ አላሉም። «ይጣል?»

የደምመላሽ እጅ ቀዳዳው ላይ ቀረ። ይኸው ምስክር! ይቀመጥ ቢል፣ አንድ ቀን በሰው ፊት ያስደምጣቸው ነበር። ነገር ግን አንዲት ቃል ብትቀር ቀዳዳው አይከፈትም። ሕፃኑ ሳለ፤ ቀጭን፣ ደካማ ሳል።

«ይጣል» አለ።

ግድግዳው በረጅሙ ተነፈሰ። ቀዳዳዎቹ ከላይም ከታችም ተከፈቱ፤ ንጹሕ አየር ቤቱን ሞላው። ምድጃው እንደገና ሲለኮስ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ። በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ቤቱን በለቅሶ አናጋው፤ ዓለምነሽም አብራው አለቀሰች።

አቶ ወንድይፍራው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ መጡ።

«ተባረክ፣ የኔ ልጅ። ይህ ቤት ቤትህ ነው። ፊትህስ አዲስ አልሆነብኝም… ከዚህ በፊት እዚህ መጥተህ ታውቃለህ?»

ደምመላሽ አያቸው። የምራቸውን ነበር። ተናጋሪው ረስቷል፤ ግድግዳውም ይኸው በአንድ ቃል ጥሎታል። ከእንግዲህ ያቺ ቀን ያለችው እሱ ጋ ብቻ ነው።

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከደጅ የጉና ንፋስ ደረቱን ሲመታው፣ የኮቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆላልፎ መንገዱን ቀጠለ።