ሦስት ሰዓት ከሃያ

ማክሰኞ፣ አልዱባ ገበያ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

አንጁሎ የማሩን ባልዲ ለአስካል አቀበላት። ክዳኑ ሥር ሚሞሪ ካርድ ተለጥፏል። የኮንትሮባንዲስቱ የዶላሞ የመሣሪያ ጭነት ከኦሞራቴ የሚወጣበት ቀንና መንገድ በሙሉ እዚያ አለ። አንጁሎ የዶላሞ ሹፌር ነው።

አስካል ለገበያው ማር ነጋዴ ናት። ለደኅንነት መሥሪያ ቤቷ «ግራር»።

«ቀይ ነው ነጭ?» አለችው። መለያ ቃላቸው ነው።

«ነ... ነ...»

የአፉ አንድ ጎን ወረደ። ቀኝ እጁ ተንጠለጠለ። ወደቀ።

ሥልጠናው ግልጽ ነው። የመረጃ ምንጭ ሲወድቅ አትቁም።

አልቆመችም።

አምስት ሰዓት ላይ ግን ሙዝ አንጠልጥላ እንደ ጠያቂ ጂንካ ሆስፒታል ገባች።

ዶላሞ አልጋው አጠገብ ቆሟል።

«መቼ ጀመረው?» አለች ዶክተር ሩሃማ።

«ወድቆ ነው ያገኘነው» አሉ ያመጡት ሰዎች።

«የአንጎሉ ደም ሥር የተዘጋ ይመስለኛል። መሃሉ ቢሞትም ዙሪያው ገና በሕይወት ይኖራል። የሚያሟሟው መድኃኒት አዲስ አበባ አለ፤ ግን ሕመሙ ከጀመረ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ አይሰጥም። የጀመረበት ሰዓት ካልታወቀ፣ የሚተርፍ ክፍል መኖሩን በኤምአርአይ ምስል ሳያዩ አይሰጡትም። ኤምአርአዩ ደግሞ ወረፋ ነው።»

«ጠዋት ከማን ጋር ነበር?» አለ ዶላሞ ፈገግ ብሎ። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

አስካል ሙዙን አስቀምጣ ወጣች። ለአለቃዋ ለሚልክያስ ደወለች።

«የወደቀበትን ሰዓት ለሐኪሟ ልንገራት?»

«ዶላሞ አለ?»

«አለ።»

«አፍሽን ዝጊ። አዲስ አበባ ለሚቀበሉት ሐኪሞች እኔ እነግራለሁ።»

«ማልልኝ።»

«በጌታ።»

አመነችው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን አንጁሎንና የዶላሞን ወንድም ይዞ ተነሣ።

ሐሙስ ዶላሞ ከነጭነቱ ተያዘ። ሚልክያስ ደወለ።

«ጎበዝ ግራር! አንበሳ ነሽ።»

«አንጁሎስ?»

ስለ ጭነቱ ማውራት ቀጠለ።

«አልነገርካቸውም።»

«ወንድምየው ‹ሰዓቱን ማን ነገራችሁ?› ቢልስ? አንቺም ጭነቱም ትጠፉ ነበር።»

የአንጁሎን የአንጎል ምስል ያየችው በሩሃማ ስልክ ነው። ኤምአርአዩ የተነሣው ማክሰኞ ማምሻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ግማሹ አንጎል ነጭ ነበር።

«ነጩ የሞተው ነው» አለች ሩሃማ። «ዙሪያውን ፈልገው ነበር። የሚተርፍ አላገኙም። በጊዜው ሰዓቱን የሚነግራቸው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ...»

አስካል ስልኩን መለሰችላት።

በሦስተኛው ሳምንት አንጁሎን ወደ ቤቱ አመጡት። አስካል ከጂንካ ለመልቀቅ ሻንጣዋን መናኸሪያ አስቀምጣ፣ ልትጠይቀው ሄደች። ሚስቱ ሰብለ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰዋለች። በአፉ ጥግ ይፈሳል። ትጠርገዋለች።

«ብቻውን ነው የወደቀው» አለች ሰብለ። «በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ብቻውን።»

አንጁሎ አስካልን አየ። ዓይኑ አለቀቃትም። ከጉሮሮው ድምፅ ወጣ። ቃል አልሆነም።

«ውይ! ያውቅሻል እንዴ? እኔን እንኳ እንዲህ አያየኝም።»

«ማር ስሸጥ አይቶኝ ይሆናል።»

«ስምሽን ንገሪኝ፣ እየደጋገምኩ ልጥራለት። አንድ ቀን አፉን ይፈታ ይሆናል።»

አውቶቡሱ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«ገበያተኛ በይው» አለች፤ ወጣች።