ዝም ያለ ሞተር

«ሰማሽ?» አለ አባቷ፣ የተነሳውን መኪና ኮፋኖ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «ምንም የለም! ሥራ ማለት ይሄ ነው።»

ልጅቷ ሰምታለች። ያናደዳትም እሱ ነው። ትናንት እሷ የሞተሩን ትንፋሽ የሚከፍቱና የሚዘጉትን የቫልቮቹን ክፍተት ለክታ ስትጨርስ ሞተሩ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀስ ብሎ ጥክ ጥክ ይል ነበር። ዛሬ ታላቅ ወንድሟ ነካካውና ጭጭ አለ።

ወንድሟን ጋራዡ ውስጥ «ጆሮ» ይሉታል፤ የሞተርን በሽታ ሰምቼ ነው የማውቀው ስለሚል። እሷ ደግሞ «ሚሊ» ናት። ሚሊሜትር ለማለት ነው፤ መለኪያ ሳትይዝ ቡሎን አትነካም። ስሙን ያወጣላት ጆሮ ነው፣ ለሙገሳ ግን አልነበረም።

«አዋላጇ ትናንት መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ምን አሉ?» አባቷ አልበቃውም። «‹አሁንም ይንኳኳል› አላሉም? ቀኑን ሙሉ ለክተሽ ለክተሽ፣ የሰው መኪና እያንኳኳ ልትሸኚ። ወንድምሽ ሻዬ ሳይበርድ ጸጥ አደረገው።»

«ትንሽ ድምፅ መኖር አለበት አባዬ። ቫልቩ ሲግል ይረዝማል። የሚረዝምበት ክፍተት ካልተውንለት...»

«አሁን ደግሞ እኔን ልታስተምሪ ነው?»

«ተዋት፣ ቀንታ ነው» አለ ጆሮ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

አባታቸው ስልኩን አውጥቶ ለአዋላጇ ሊደውል ወደ በሩ ሄደ። ሚሊ ጥርሷን ነክሳ ቀረች። አሁን አንድ ነገር ብትናገር ወይ ታለቅሳለች ወይ ካቻቢቴ ትወረውራለች፤ ሁለቱንም አልፈለገችም።

ሞተሩ ሲነሳ ደህና ነበር። እየሞቀ ሲሄድ ግን መንገጫገጭ ጀመረ። መሪው ይንቀጠቀጣል። ከኋላ፣ ከጭስ ማውጫው፣ በየመሃሉ የሚሰናከል ትንፋሽ ይሰማል። ጆሮ የተባለው ሰው ይሄን አልሰማም? ወይስ መስማት አልፈለገም?

«ስታስተካክለው ሞተሩ በርዶ ነበር?» አለችው ጆሮን።

«አባዬ ቶሎ በል አለኝ።»

«በርዶ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«ለብ ያለ ነበር። ምን አገባሽ?»

«በምን ለካኸው?»

«በጆሮዬ» አለ እየሳቀ። «ድምፁ እስኪጠፋ አጠበቅኩት። ጠፋ። አለቀ።»

ሚሊ ቡሎን ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ቀደደችና ከመኪናው ኋላ ተንበረከከች። አባቷ ራሱ ነው ድሮ ያሳያት፤ አሁን ረስቶት ካልሆነ። ወረቀቱን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዘችው።

«ና እስቲ፣ እይ።»

«ትያትር አልፈልግም።»

«ና!»

መጣ። ጭሱ ወረቀቱን ወደ ውጭ ገፋው፤ ደግሞ ገፋው። ከዚያ ድንገት ወረቀቱ ወደ ኋላ ተመለሰና ቱቦው ላይ ልጥፍ አለ። እንደገና ተገፋ። እንደገና ተሳበ።

«ጤነኛ ሞተር ይተነፍሳል እንጂ መልሶ አይስብም» አለች። «አንዱ ቫልቭ አይዘጋም። አንቀህ ይዘኸዋል። እሳቱ በጠርዙ እያለፈ ይበላዋል፣ ከዚያ ይቃጠላል። መኪናዋ የሆነ ዳገት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች።»

ጆሮ አመድ መሰለ። ወደ በሩ አየ፤ አባታቸው ስልክ ላይ እየሳቀ ነው፤ «ልጄ ነው የሠራው፣ ልጄ!» ሲል ይሰማል።

«አትንገሪው» አለ ጆሮ በሹክሹክታ። «እሱ እኔን አመስግኖኝ ያውቃል? አንድ ቀን እንኳ? ይውሰዷት፤ ሰሞኑን ሰበብ ፈጥሬ አስመልሳታለሁ። ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ። እባክሽ፣ እህት ዓለም።»

እህት ዓለም የሚላት ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው። የባሰ ያናደዳት ግን እውነቱን መሆኑ ነው። አባታቸው አያመሰግንም። እሷንስ መቼ አመስግኖ ያውቃል?

ይቃጠል፣ አለች በሆዷ። ይቃጠልና ተጎትቶ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ጆሮ ምን እንደሚሰማ እናያለን። ሐሳቡ ጣፈጣት። ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ዝም በይ ሲሏት የኖረችው ልጅ አንድ ቀን ዝም ብትል ማን ይፈርድባታል?

አዋላጇ የመጣችው ብዙም ሳይቆይ ነው። ትናንት መኪናዋን ስትጠብቅ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ተኝታም የሥራ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም። ዛሬም ይዛዋለች።

«እውነት ዝም አለች?»

«እንደ ሕፃን!» አለ አባታቸው።

አዋላጇ ሳቀች። «በእኔ ሥራ እንኳ ዝም ያለ ሕፃን ነው የሚያስደነግጠው።»

አባታቸው አብሯት ሳቀ። ጆሮ አልሳቀም። ሚሊ በሾፌሩ መስኮት እጇን አስገብታ ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«ምን እያደረግሽ ነው? ቁልፉን ስጫቸው» አለ አባቷ።

«አልሰጥም።» ኪሷን በእጇ ሸፈነች። «ሞተሩ መብረድ አለበት። ሲበርድ ቫልቮቹ እንደገና ይለካሉ።» ወደ አዋላጇ ዞረች። «ሲወስዱት ትንሽ ይንኳኳል፣ እትዬ። እንዲንኳኳ ነው የሚፈለገው። አሁን ይዘውት ቢሄዱ መንገድ ላይ ያስቀርዎታል።»

አባቷ ፊቱ ጠቆረ። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ምን ነካክተሽ ነው? አንቺ ነሽ ያበላሸሽው?»

ጆሮ ጫማውን እያየ ነው። ጫማው ላይ ምንም የለም።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃል። «እኔ አይደለሁም» አለችና ሌላ አልጨመረችም።

አዋላጇ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ከዚያ ሄዳ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። «እጠብቃለሁ» አለች።

ሚሊ ኮፋኖውን ከፍታ የሞተሩን ክዳን በመዳፏ ነካችው። ያቃጥላል። መለኪያዋን፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉትን ስስ ብረቶች፣ ከሳጥኑ አወጣችና መኪናው አጠገብ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ይጩሁ። እስኪበርድ ከዚህ አትነሳም።

አባቷ ጮኸ። «ቁልፉን አምጪ!» አለ፣ «ቆይ ብቻ!» አለ። ከዚያ ሲደክመው እጁን አጣምሮ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷ ክዳኑን እየነካች መዳፏን ትመልሳለች። ያቃጥላል። ይሞቃል። ለብ ብሏል። በመጨረሻ በረደ።

የጆሮ ጫማ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ቀና ብላ አላየችውም፤ ጠጋ ብላም ቦታ አልለቀቀችለትም። «አንተ ለካ» ብላ መለኪያውን ብቻ ዘረጋችለት።

አባታቸው እያየ ነበር። እጇን አላጠፈችም።