አስመራ ስንት ቀን ነው?

ሙሀባ ጀይላንን ያወቀችው የጭነት መኪናው ሮቢ ወንዝ አጠገብ ቆማ በምትጨስበት ቀን ነው። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ድንጋይ በምታግልበት ወር ነበር። ጀይላን እናቱ ዘንድ አስመራ የሚኖር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። እሷ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጠራት።

«እህቴ፣ ትንሽ ውሃ ለመኪናዋ?»

«ሰውየውስ አይጠማውም?»

ሳቀ። መኪናዋን አጠጥቶ ራሱም ጠጣ። እንስራውን ሲመልስላት ግን እጁ የቸኮለ አይመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺ መኪና ሮቢት ስትደርስ ብቻ የምትግል ሆነች።

ጀይላን ሽማግሌ ሲልክ፣ በአካባቢው ዘመድ ስለሌለው ራሱም ከኋላ ተቀመጠ። የሙሀባ አባት ጋሼ ሙሳ ስለ ሀብቱም ስለ ዘሩም አልጠየቁም።

«የእኛ ሬሳ አያድርም» አሉ። «ጠዋት ብሞት ከቀትር በኋላ በአስር ሶላት አፈር ለብሻለሁ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ሬሳዬ ከቤት ሳይወጣ ከአስመራ ትደርሳለች?»

ጀይላን ዝም ቢል ይሻለው ነበር። እሱ ግን ወደ ሰማይ አመለከተ።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ሩቅ የለም! አውሮፕላኑ ጠዋት ከአስመራ ተነስቶ ቀትር ላይ፣ ለዙሁር ሶላት፣ አዲስ አበባ ነው።»

«በላያችን ሲያልፍ አይቻለሁ። ለእኛ የወረደልን ግን ቦምቡ ብቻ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ወንዙ ዳር ተገናኙ። ጀይላን ዓይኗን ማየት አቃተው።

«እዚሁ እቀራለሁ» አላት። «መኪናውን ለባለቤቱ መልሼ አርሳለሁ።»

ሙሀባ ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አስመራ ያሉት እናትህስ? የእሳቸው ሬሳ ያድራል?»

ጀይላን አርሳለሁ ማለቱን ተወ። 

ያን ቀን ማታ ሙሀባ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ቀን የሚያጥረው ለሬሳ ነው። በሕይወት ላለ ሰው መኪናም ይደርሳል፣ በቅሎም ይደርሳል። ሲሞቱ ከምሮጥ በሕይወት እያሉ ልምጣልዎ።»

ጋሼ ሙሳ መቁጠሪያቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። 

«መቼ መቼ ትመጫለሽ?»

«ማሽላው እሸት በያዘ ቁጥር።»

«ጥሪው ያንን ልጅ» አሉ።

ተጋብተው አስመራ ገቡ፤ ሙሀባም ቃሏን አላጠፈችም። እሸት በደረሰ ቁጥር ጀይላን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ የጣርማ በርን ዳገት ከመውጣቱ በፊት ከአባቷ ደጅ ያወርዳታል፤ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይወስዳታል። እስከዚያ አባትና ልጅ እሸት እየጠበሱ ያወራሉ።

ጣሊያን ሊወጣ ሲል በነበረው ዓመት እሸቱ ደረሰ፤ እሷም መጣች። ደጁ ግን ተዘግቶ የሚቀበላት የለም። ጋሼ ሙሳ ከተቀበሩ ሰንብተዋል።

ሙሀባ መኪናዋ ላይ እንዳለች እንባዋ ወረደ። ጀይላን እጇን ይዞ አወረዳት። የአባቷ ጎረቤት ሩቂያ ወጥታ አቀፈቻት።

«ሲያማቸው ‹ሰው እንላክባት ወይ?› ብለናቸው ነበር» አለቻት። «‹ልጄን አታስደንግጧት› አሉን። ‹እሷ በሕይወት እያለሁ ደርሳልኛለች።›»